«ቤቶች!» ለምሰሶ

አያቴ በአርብ ገበያ ዙሪያ ቤት ሲሠሩ የኖሩ አናጢ ነበሩ። የማንም ቤት ሲገቡ ምሰሶውን በጣታቸው አንጓ አንኳኩተው «ቤቶች!» ይሉና ጆሯቸውን ይለጥፉበታል። ጤነኛ እንጨት ዝም ይላል፤ ምስጥ ውስጡን የበላው ግን እንደ ባዶ ቅል ይጮኻል። ያን ጊዜ «ደጆች ብሎኛል፤ ሌላ ገብቶበታል፤ ቶሎ ለውጡት» ይላሉ።

የእኛን የጥድ ምሰሶማ ጠዋት ጠዋት አንኳኩተው «ዝም አለኝ፤ ተመስገን» ሳይሉ ከቤት አይወጡም ነበር።

በቀበርናቸው ማግስት ቤቱ ጭር አለብን። ከምሰሶው ሥር በርጩማቸው ብቻ ቀርቷል።

እናቴ «እስቲ አንቺ ጠይቂው» አለችኝ።

አንኳኩቼ «ቤቶች!» አልሁ፤ ጆሮዬንም ለጠፍሁ። እንጨቱ ጤነኛ ነው። ጆሮዬን ላነሳ ስል ግን ከውስጥ፣ ልክ በጣት አንጓ፣ ቀስ ተብሎ ተንኳኳ።

«ምን አለሽ?» አለች እናቴ።

«ዝም አለኝ፤ ተመስገን» አልኋት።