የሰፈራችን መዋኛና ሦስቱ ማመልከቻዎች

ፕሮጀክት ጸሐፊ የሆንኩት አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። እስከዚያ ድረስ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነበርኩ። ደብዳቤ ሲመጣ ቁጥር እሰጠዋለሁ፣ ማህተሙን አያለሁ፣ ፋይሉ ውስጥ አስገባዋለሁ። ሥራዬን አውቀው ነበር። የትኛው ፋይል የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ዓይኔን ጨፍኜ እናገር ነበር።

የዕቅድ ክፍል ኃላፊው አቶ ሙሉቀን አስጠሩኝ። በዕድሜ ታናሼ፣ በሥራ አለቃዬ ናቸው፤ ስለዚህ ሁለታችንም አንቱ እንባባላለን።

«እትዬ ውዴ፣ ከዛሬ ጀምሮ ፕሮጀክት ይጽፋሉ» አሉኝ።

«የምን ፕሮጀክት?»

«የሰፈሩ መናፈሻና የመዋኛው ነገር ነዋ። አንድ ድርጅት የድጋፍ ጥሪ አውጥቷል። ቅጹ ይኸው።»

«ኧረ እኔ ፕሮጀክት ጽፌ አላውቅም!»

«እኔም አላውቅም። የእርስዎ የእጅ ጽሕፈት ግን ያምራል።»

ቅጹን ይዤ አዲሱ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። የችግሩ መግለጫ ይላል። ቀጥተኛ ተጠቃሚዎች ይላል። ቀጥተኛ ያልሆኑ ተጠቃሚዎች ይላል። ዘላቂነት ይላል። ቃላቱን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ምን እንደሚጠይቁኝ አልገባኝም።

ከሰዓት በኋላ መናፈሻውን ላየው ሄድኩ። የግራር ዛፎቹ አሉ። አግዳሚ ወንበሮቹ ተሰባብረዋል። መዋኛው መሐል ላይ ባዶውን ተቀምጧል፤ ውኃ ከላይ ከምንጩ የሚያመጣው ቧንቧ ከተሰበረ ወዲህ ጠብታም አልገባበትም። ወለሉ ተሰነጣጥቆ ከስንጥቁ ሣር በቅሏል፤ ሁለት በጎች ወርደው ይግጣሉ። ጥበቃው ጋሽ አስረስ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል።

«ጋሽ አስረስ፣ ዘላቂነት የሚል ጥያቄ አለ» አልኳቸው።

«ምን ማለት ነው?»

«እርስዎ ጡረታ ከወጡ በኋላ ማን ያጸዳዋል ማለት መሰለኝ።»

«አሁንስ ማን ያጸዳዋል?» አሉኝ።  ይህን ጥያቄ ግን ቅጹ ላይ አልጻፍኩትም።

የመጀመሪያውን ማመልከቻ እንደ መዝገብ ቤት ሰው አሳጥሬ ጻፍኩ። ርዕሱን «የሰፈር ገንዳ ጥገና» አልኩት። እኛ ሰፈር «ገንዳው» ከተባለ የማያውቀው የለም። መልሱ ሲመጣ ግን የከብት ማጠጫ ገንዳ የድጋፍ ዘርፋቸው እንዳልሆነና ግብርናን ብንጠይቅ እንደሚሻል ይገልጻል።

አቶ ሙሉቀን ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ከብት ብለው ጽፈዋል እንዴ?»

«ኧረ በፍጹም።»

«ታዲያ ከብቱን ከየት አመጡት?»

ቅጂውን አውጥተን አብረን አየነው። ከፊት እስከ ኋላ ገንዳ ብዬ፣ አንድም ቦታ መዋኛ አላልኩም። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

በሁለተኛው ማመልከቻ ላይ መዋኛ የሚለውን ቃል በየገጹ ደረደርኩት። ዋና ጤና ነው፣ ዋና መዝናኛ ነው፣ የከተማ ሰው መናፈስ አለበት እያልኩ ጻፍኩ። መልሱ ቶሎ መጣ። መዝናኛው የትኛውን ችግር እንደሚፈታ አልተብራራም፤ ነዋሪው ስለ መፈለጉም ማስረጃ የለም፤ አስተካክላችሁ ከቃለ ጉባኤ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አቅርቡ ይላል። ራሴን ያዝኩ። በመጀመሪያው ውኃው ለከብት ሆነብኝ፣ በሁለተኛው ለቅንጦት። ውኃው ለምን እንደሆነ እኔም በትክክል አላውቅም ነበር።

ለእሁድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ ጠራን። ቤት ለቤት እየዞርኩ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ከመናፈሻው አጥር ጀርባ የምትኖረውን የሺን ግን አልጠራኋትም። ሀብታሙ የሚባለው ልጇ ባለፈው ዓመት ላህ ወንዝ ገብቶ ቀርቷል። ስለ ውኃ ነይና ተሰብሰቢ እንዴት ብዬ ልበላት? በሯ ላይ ስደርስ እርምጃዬን ፈጠን አድርጌ አለፍኩ።

ስብሰባው እዚያው መናፈሻው ውስጥ ነበር። የእህል ነጋዴው ቀድሞ ተነሣ። «ገንዳው ይደፈንና የባጃጅ ማቆሚያ ይሁን። ፓርክ ማለት ማቆሚያ አይደል እንዴ?» አለ። አንድ ዲያቆን ለጥምቀት የሚሆን ባሕረ ጥምቀት ይሠራልን አለ። ወጣቶቹ የኳስ ሜዳ አሉ። አንዲት እናት ደግሞ ማታ ማታ መብራት ይኑረው፣ ሌላው ይቆየን አለች። እኔ ሁሉንም እጽፋለሁ። በጻፍኩ ቁጥር ነገሩ ይበልጥ ይጠፋብኛል።

የሰፈሩ ሽማግሌ መሪጌታ ጥበቡ በመቋሚያቸው ተደግፈው አዩኝ። «ውዴ ልጄ፣ ብዙ ጻፍሽ። ዋናውን ጽፈሻል?»

«አዎ መሪጌታ፤ ዋና ብዬ ያልጻፍኩበት ገጽ የለም።»

ሰዉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «እሱን አላልኩሽም» አሉ።

ይህን ጊዜ ከኋላ የሺ ተነሣች። መቼ እንደገባች አላየኋትም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች።

«እኔን የጠራኝ የለም። በአጥር ሰምቼ ነው የመጣሁ» አለች። «ልጇን ውኃ ስለበላባት መዋኛ ትጠላለች ብላችሁ ነው፤ አውቃለሁ። ልጄ ላህ የወረደ እዚህ ውኃ ስለሌለ ነው። ከልክዬው ነበር። ቆንጥጬውም ነበር። በግንቦት ሙቀት ልጅ ውኃ ይተዋል? ላይኛው አገር ዘንቦ ኖሮ ደራሽ ውኃ መጣ። አብረውት ከነበሩት አንድም ዋና የሚችል አልነበረ። እዚህ ቢሆን ሰው ያየዋል፣ ሰው ይጮኻል፣ ሰው ገብቶ ያወጣዋል። የእናንተም ልጆች ዛሬ ከቅዳሴ መልስ የት እንደሄዱ እስቲ ጠይቁ።»

 ሁለት ሴቶች ተነሥተው ወደ ወንዙ አቅጣጫ እየተጣደፉ ሄዱ። ነጋዴው ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ይኸውልሽ» አሉኝ መሪጌታ። «በይ አሁን ጻፊ።»

ከስብሰባው በኋላ የሺ ቤት ሄድኩ። ምን እንደምላት ሳላስብ ነው የገባሁት።

«በርሽን አልፌ ሄጄ ነበር» አልኳት።

«አይቼሻለሁ» አለች። ከዚያ ወንበር አቀረበችልኝ።

የተናገረችውን ማመልከቻው ላይ ባሰፍረው ትፈቅድ እንደሆን ጠየቅኳት። 

«የእኔን ስም ተዪው፣ የእሱን ጻፊ» አለችኝ። «ሀብታሙ በይ። ስም ያለው ልጅ እንደነበረ ይወቁት።»

ቅጹ የሰው ስም የሚጻፍበት ቦታ የለውም። የችግሩ መግለጫ የሚለው ሥር በመጀመሪያው መስመር ላይ አስገባሁት። አቶ ሙሉቀን እስክሪብቷቸውን መስመሩ ላይ አቆሙ።

«ይህን ቅጹ አይጠይቅም።»

«አውቃለሁ።»

መልሰው አነበቡት። እስክሪብቷቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «እንዳለ ይቆይ» አሉና ፈረሙ።

ከወራት በኋላ ከባሕር ዳር አንዲት ገምጋሚ ተላከች። መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሌላ ቀን የሚዘጋበት ጊዜ ስለነበር ትመጣለች ብዬ ተስፋ አላደረግኩም ነበር። ባዶው መዋኛ ጠርዝ ላይ ቆማ ጥልቀቱ ምን ያህል እንዲሆን እንደምንፈልግ ጠየቀችን። አቶ ሙሉቀን ወደ እኔ አዩ፤ እኔ ወደ ወረቀቴ አየሁ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው በድሮው ልክ ነው። አብራን የመጣችው የሺ ደረጃውን ወርዳ ወለሉ ላይ ቆመች። እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«እስከዚህ» አለች። «ከዚህ አይለፍ። ገመድ ይኑረው። የሚያስተምር ሰው ይኑረው። ሴቶቹም ይማሩ፣ ልብስ የሚያጥቡት እነሱ ናቸውና ከወንዙ አይጠፉም።»

ገምጋሚዋ ጻፈች። ፊቷ ላይ ግን ምንም አላነበብኩም።

ውጤቱ በደብዳቤ መጣ። መዋኛው እንዲጠገን፣ ቧንቧው እንዲዘረጋና የዋና አስተማሪ እንዲቀጠር ፈቀዱ። አብረን የጠየቅነውን አግዳሚ ወንበር፣ አበባ፣ መብራትና በር አልፈቀዱም። በእኔ ግምት ቀላሉ አግዳሚ ወንበሩ ነበር። ምን እንዳሳመናቸው በደብዳቤ ጠየቅኩ፤ «በመስፈርቱ መሠረት» የሚል መልስ መጣልኝ። የሀብታሙ ስም ይሁን፣ ቃለ ጉባኤው ይሁን፣ የሺ ወርዳ መቆሟ ይሁን፣ እስካሁን አላውቅም።

ውኃው በተለቀቀበት ዕለት ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። መጀመሪያ ደፍርሶ መጣ፣ ቆየና ጠራ። ጣና ላይ ያደገው አስተማሪ ልጆቹን በሰልፍ አቆማቸው። የሺ ትንሿን ልጇን ብርቱካንን ይዛ መጣች። ሌሎቹ ሲገቡ የብርቱካንን ቀሚስ ከኋላ ጨምድዳ ያዘች። አስተማሪው እጁን ዘረጋ። የሺ አልለቀቀችም። ማንም አላቻኮላትም።

«እማ፣ ልቀቂኝ እንጂ» አለች ልጅቷ።

ለቀቀቻት። ከዚያ ጠርዙ ላይ ቁጭ ብላ፣ ልጆቹ ሁሉ እስኪወጡ ድረስ ዓይኗን ከውኃው ላይ አላነሣችም። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስንነሣ የሁለታችንም ቀሚስ ርሶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ብዙ ማመልከቻ ጽፌያለሁ። አንዳንዱ አልፏል፣ አንዳንዱ ወድቋል፤ የብዙዎቹን ምክንያት አላውቅም። በዚህ ሥራ ያሉ ታናናሾቼ ሲጠይቁኝ የምነግራቸው አንድ ነገር ነው። ቅጹን ከመክፈታችሁ በፊት፣ ለማነጋገር ያፈራችሁት ሰው ካለ መጀመሪያ እሱ ዘንድ ሂዱ።