ልጄን የጠየቁኝ እስር ቤት ነው

የያዙኝ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከባለቤቴ ጋር ስለ አንድ አውራ ዶሮ እየተከራከርን ነበር። እሷ ለበዓል ይታረድ ትላለች፤ እኔ ደግሞ ድምፁ ያማረ ነው፣ ለዓመት ይቆይ እላለሁ። በሩ ተንኳኳ። ሁለት የታጠቁ ወጣቶችና አንድ ሲቪል የለበሰ ሰው ናቸው። ሲቪል የለበሰው፣ «መምህር፣ ለአንድ ጉዳይ ይፈለጋሉ» አለኝ በትህትና። ጫማዬን እስካጠልቅ ጠበቁኝ። ባለቤቴ ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ፣ «ለምሳ ትደርሳለህ?» አለች።

«እደርሳለሁ» አልኳት።

የደረስኩት አዝመራው ተሰብስቦ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ ገብቶ፣ ሌላ ክረምት ሊገባ ደመናው መሰብሰብ ሲጀምር ነው። አውራ ዶሮውም አልጠበቀኝም።

ያስገቡኝ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ በእኛው አካባቢ ካሉት አንዷ ናት። በሩ ሲከፈት የተቀበለኝ የገብስ አቧራ ነው። አስነጠሰኝ። ከጨለማው ውስጥ አንድ የማላየው ሰው፣ «ይማርዎ!» አለ። ዓይኔ ቀስ እያለ ሲለምድ ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡ ብዙ ሰዎች አየሁ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ፀሐይ ስታርፍበት እንደ ምጣድ ይግላል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ያንዘፈዝፋል። መስኮት የሚሉት ከራስ በላይ ያለ፣ ድመት የማያሳልፍ ቀዳዳ ነው። የሚነጠፈው ባዶ ጆንያ ሲሆን ነቀዙ ገና አልለቀቀውም።

ይማርዎ ያሉኝ ሰው ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። የእስቴ ሰው ናቸው፣ መሪጌታ። በሌላው ጎኔ ንፋስ መውጫ ላይ ጨርቅ የሚነግዱ፣ ሁላችንም ሀጂ የምንላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ከእግራችን ሥር አንድ የከብት ሐኪም ይተኛል፤ የስማዳ ልጅ፣ ሠላሳ ያልሞላው፣ ዝምተኛ። ለእኔ የነገሩኝ ጥፋት አንድ ስብሰባ ላይ ተናገርክ የተባልኩት ነገር ነው። ለእሱ ደግሞ ገጠር ለገጠር ስትዞር ማንን ስታገኝ ነበር አሉት። ሥራው ገጠር ለገጠር መዞር ነበር።

ባለቤቴ ከምንኖርባት ከአርብ ገበያ ከተማ እየተሳፈረች ምግብ ታመጣልኝ ነበር። በአጥሩ ወዲያና ወዲህ ቆመን እናወራለን፤ ከአጠገባችን ጠባቂ ይቆማል። «የቤተሰብ ወሬ ብቻ!» ይላል ገና ሳንጀምር። እኛም የቤተሰብ ወሬ እናወራለን። ሰው በትዳር ዘመኑ ሁሉ ስለ ቤቱ ያን ያህል የሚያወራ አይመስለኝም። የትኛዋ ዶሮ የት እንደጣለች፣ የትኛው ጎረቤት ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ አንድም አይቀረኝም።

ወደ ውስጥ ስመለስ ሁሉም ዓይን እኔ ላይ ነው። ራዲዮ የለም፣ ስልክ የለም፤ የእኔ ቤት ወሬ የሁላችንም ወሬ ሆነ። ጉሮሮዬን እጠርግና እንደ ዜና አንባቢ እጀምራለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። በቅድሚያ ዐበይት ዜናዎች። ትንሹ ልጄ የፊት ጥርሱ ወልቆ ጣሪያ ላይ ወርውሮታል። ላማችን ሸጌ የጎረቤት ባቄላ ውስጥ ገብታ ከተያዘች በኋላ በዛሬው ዕለት ተለቃለች።»

«ዋስ ጠርታ ነው?» ይላሉ ሀጂ።

«በአማላጅ ነው።»

«የታደለች!»

ከዜናው የሚበዛው ግን ስለ ትልቋ ልጄ ነው። ነርስነት ትማርበት የነበረው ኮሌጅ በጊዜው ሁኔታ ተዘግቶ ቤት ገብታ ነበር። እኔ ስታሰር ቤቱን ተረከበች። ደቦ ጠርታ ገብሱን ያስወቃችው እሷ ናት፤ አውድማው ላይ በሬ የነዳችውም እሷው ናት። ዘመድ «ሴት ልጅ በሬ ነዳች» ብሎ ሲያጉረመርም፣ «እንግዲያው እናንተ ንዱት» ብላ አለንጋውን ሰጥታቸዋለች። ከእናቷ ጋር በየቀኑ ትጣላለች። ባለቤቴ አንድ ቀን በአጥሩ በኩል፣ «እስረኛው አንተ አይደለህም፣ እኔ ነኝ» አለችኝ። ይህን ሳነብላቸው መጋዘኑ ሙሉ ሳቀ። ሐኪሙ ብቻ አልሳቀም፤ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል።

አንድ ጊዜ፣ «ሸጌ እንደገና ማነከስ ጀምራለች። የፊት እግሯን ነው» ብዬ አነበብኩ።

«የኋላዋን ነው ጋሼ። የግራውን» አለ አንድ ድምፅ ከእግሬ ሥር።

ሁላችንም ወደ ሐኪሙ ዞርን።

«አንተ እንዴት አወቅህ?»

«አምና አክሜያት ነበር።»

ያኔ ትዝ አለኝ። አምና ልጄ ለእረፍት ቤት በነበረችበት ጊዜ፣ እኔ ትምህርት ቤት ስውል፣ አንድ የከብት ሐኪም መጥቶ ላሟን መርፌ ወጋት ተብዬ ነበር። ላሟ በዚያው በመጀመሪያው መርፌ ድናለች። ሐኪሙ ግን ባለቤቴ እስኪገርማት ድረስ ደጋግሞ መጥቷል።

«ለካ አንተ ነህ የዳነችን ላም የምታክመው!» አልኩት። ሳቁ እስኪበርድ ድረስ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ ተደበቀ።

በማግስቱ ለምርመራ ጠሩት። ሲመለስ ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ ነበር። ጣቶቹ አብጠዋል፣ አይታጠፉም። መሪጌታ የነጠላቸውን ጫፍ ቀደው አሰሩለት። ከተቀመጠ በኋላ መጀመሪያ ያለው ነገር፣ «ላሟ ተሻላት?» ነው። ባለቤቴ ሳትመጣ ሰንብታለች፤ ምንም ወሬ አልነበረኝም።

«ተሻላት፤ ወንዝ ወርዳ ጠጥታ መጣች» አልኩት።

በዚያው ሰሞን አንዳንዶቻችን ወደ ሌላ ቦታ እንደምንዛወር ተወራ። ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ወሬው በመጣ በሁለተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ መሪጌታና ሀጂ ከግራና ከቀኜ ተነሱ። መሪጌታ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ፤ ሀጂ ቆባቸውን አራገፉ። እስከ በሩ ሄደው ዞሩና ተመልሰው ከጆንያዬ ጫፍ ላይ ቆሙ።

«ቤቶች!» አሉ መሪጌታ።

ነገሩ ገባኝ። ጋቢዬን ሰብስቤ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

«ደጆች! ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም።»

«ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?»

«ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ነው» አሉ ሀጂ።

«ልጃችሁ ማነው?»

በወጉ ልጁ እዚያ አካባቢ መታየት አልነበረበትም። ግን የት ይሂድ? ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ተኝቷል። አንድ ጆሮው ብቻ ውጭ ቀርቷል፤ እሱም ቀልቷል። መሪጌታ በአገጫቸው አመለከቱኝ።

«ጠባዩስ?»

«በረሃብ አይተነዋል፣ በሕመም አይተነዋል፣ በአንድ ጆንያ ተኝተን አይተነዋል» አሉ ሀጂ። «እንደኛ አይቶ የሚመሰክር ሽማግሌ ከየትም አያገኙም።»

«የሚኖረውስ የት ነው?»

ሀጂ ዙሪያቸውን ቃኙና፣ «ለጊዜው ከእርስዎ ጋር» አሉ።

ሳቄን እንደ ምንም ዋጥኩት። ልጁን ወድጄዋለሁ። ያን ያበጠ እጅ ይዞ የእኔን ላም የጠየቀ ሰው እንዴት አይወደድም? ነገር ግን ነገ የት እንደሚያድር የማይታወቅ ሰው ነው። እሺ ብዬ ልጄን ለመጠበቅ ላስራት? እምቢ ብዬስ ይህን ልጅ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?

«ከእናቷ ሳልመክር፣ ከራሷም አፍ ሳልሰማ መልስ የለኝም። ሌላ ቀን ተመለሱ» አልኩ።

እጅ ነስተው ተሰናበቱኝ። እስከ በሩ ሄደው ዞሩና መጥተው ከግራና ከቀኜ ተኙ። ጥቂት ቆይተው ሀጂ በእኔ ላይ አሻግረው፣ «ሰውየው ግን ጠንካራ ነው» አሏቸው መሪጌታን።

በሚቀጥለው ጊዜ ባለቤቴና ልጄ አብረው መጡ። በአጥሩ በኩል ነገሩን ስጀምር ጠባቂው፣ «የቤተሰብ ወሬ ብቻ ተብሏል!» አለ።

«ልጄ ለጋብቻ ተጠየቀች ነው የምለው። ከዚህ የበለጠ የቤተሰብ ወሬ ምን አለ?»

ጠባቂው ቀስ ብሎ ጠጋ አለ።

ሸጌን ያከማት ሐኪም እዚህ እንደታሰረ፣ ሽማግሌዎችም ስለ እሱ እንደመጡብኝ ነገርኳቸው። ባለቤቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። መጀመሪያ እንባዋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ፣ «የማን ልጅ ነው? ዘሩ ይቆጠር እንጂ፣ ዘመድ ቢሆንስ?» አለች።

ልጄ መሬት መሬቱን ታያለች።

«እሱ ነው የላካቸው?»

«እሱ ነው።»

«ደህና ነው?»

«እጁን አሞታል።»

«የትኛውን?»

«ቀኙን።»

የአጥሩን ሽቦ በጣቶቿ ያዘች። እንዲህ ስትሆን አውቃታለሁ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አልቅሺ አልቅሺ ሲላት አንድ ነገር ጨብጣ ነው የምትቆመው።

«አባዬ፣ አሁን እሺ ብል ስላዘንኩለት ይመስለዋል። ለእኔም ይመስለኛል። እዚያ ውስጥ ላለ ሰው ደግሞ እምቢ ማለት አልችልም። ይውጣና ራሱ ይጠይቀኝ። ቤታችንን ያውቀዋል።»

«ኧረ ልጄ! ሽማግሌ ተልኮ እንዲህ ይባላል?» አለች እናቷ።

ጠባቂው ፊቱን ወደ እኛ ሳያዞር፣ «ልጅቱ እውነቷን ነው» አለ።

ያን ዕለት ከሰዓት ቦታዬን ጠረግኩ። ጋቢዬን አጥፌ አነጠፍኩ፤ ባለቤቴ ያመጣችውን ዳቦና ቆሎ አቀረብኩ። መሪጌታና ሀጂ እንደ ወጉ ከበሩ መጡ፤ አስቀመጥኳቸው። ያለችውን እንዳለችው ነገርኳቸው፤ ቃል አልጨመርኩም፣ ቃል አልቀነስኩም።

«ይሄ መልስ ነው?» አሉ ሀጂ።

«መልስ ነው እንጂ። እንዲያውም እኛ ጠይቀን የማናውቀውን ጠየቀች፤ ራሷ እንድትጠየቅ» አሉ መሪጌታ።

ሐኪሙ ከግድግዳው ዞረ። ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። «እውነቷን ነው ጋሼ። ራሴ እጠይቃታለሁ» አለ። ዳቦውን በአንድ እጁ መቁረስ ስለማይችል እኔ ቆርሼ ሰጠሁት።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት ስም ተጠራ። የእሱም ነበረበት። የተጠሩት ተሰልፈው ይውጡ፣ የቀራችሁ ከቦታችሁ እንዳትነሱ ተባልን። እኔ ተነሳሁ። ጫማዬን አደረግኩ፣ ጋቢዬን ለበስኩና ከኋላው ተከተልኩ። በሩ ላይ የቆመው አዲስ ጠባቂ መሣሪያውን አግድም አደረገ።

«አንተ ወዴት ነህ?»

«እንግዳዬን ልሸኝ።»

ጠባቂው ምን እንዳሰበ አላውቅም። መሣሪያውን ዝቅ አድርጎ፣ «እስከ መኪናው ብቻ» አለ። እስከ መኪናው ሸኘሁት። በግራ እጁ ጨበጠኝ። ደህና ግባ አልኩት፤ ከቤቴ ደጃፍ የምሸኘው ይመስል። መኪናው ሲሄድ አቧራው እስኪወርድ ድረስ ቆሜ አየሁት። የመለሰኝም አልነበረም፤ ራሴ ተመልሼ ገባሁ።

እኔ ክስ ሳይመሠረትብኝ ተለቀቅሁ። እሱ ቆየ። ልጄ በዚያ ሁሉ ጊዜ ስለ እሱ አንድ ቀንም አላነሳችም፤ ሌላ ጠያቂ ሲመጣ ግን ትምህርቴን ልጨርስ እያለች መለሰች። ክረምቱ አልፎ፣ ባቄላው አብቦ፣ በአንድ የገበያ ቀን በሬን ከፍቼ ስወጣ አንድ የከሳ ረጅም ሰው አጥሩ ሥር ቆሟል። ሽማግሌ አልላከም፤ ብቻውን ነው። እኔንና ባለቤቴን ሰላም ብሎ፣ «ልጅዎ አለች ጋሼ?» አለኝ።

ጓሮ ልብስ እያጠበች ነበር። ጠራኋትና ወደ ባለቤቴ ዞርኩ።

«ነይ ባቄላውን እንይ።»

«ባቄላው ምን ሆነ?»

«ነይ ብዬሻለሁ።»

ወጥተን ማሳው መሃል ቆምን። ብዙ ቆየን። ባለቤቴ አንገቷን ወደ ቤቱ እያሰገገች፣ «ምን እያሉ ይሆን? ምንም አይሰማም እኮ» ትላለች። «ባቄላውን እዪ» እላታለሁ። በመጨረሻ ልጄ ብቅ ብላ፣ «ምን ትሠራላችሁ እዚያ? ግቡ እንጂ!» ብላ ተጣራች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ፊቷ ግን በርቷል።

ሰርጋቸው ላይ መሪጌታም ሀጂም መጡ። ልጄና ባሏ ዛሬ መካነ ኢየሱስ ከተማ ነው የሚኖሩት። እሷ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ከእሱ ጣቶች ሁለቱ እስከ ዛሬ አይታጠፉም፤ መርፌ በግራው መውጋት ለምዷል። እሁድ እሁድ ልጄ ትደውልና ዜናውን አሁን እሷ ታነብልኛለች፤ የልጅ ልጄ ሳሙና መብላቷን፣ የባጃጁ ጥሩንባ ቀልቧን መሳቡን፣ ባሏ ካልሲውን እዚህም እዚያም መጣሉን። እኔም ድምፁን ከፍ አድርጌ ለባለቤቴ አሰማለሁ።

ባለቤቴ እስከ ዛሬ ያን ቀን አልረሳችውም። ስልኩ በተዘጋ ቁጥር፣ «ምን ብሎ ጠየቃት? ምንስ ብላ መለሰችለት? ለአንተ አትደብቅም፣ ጠይቃት እንጂ» ትለኛለች። አልጠይቃትም። እዚያ መጋዘን ውስጥ ሳለን ማን ለማን ምን እንዳለ የማንጠየቅበት ቀን አልነበረም። ሁለት ሰዎች በቤታችን ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ጠባቂ ሳይቆምባቸው፣ ማንም ሳይሰማቸው የተነጋገሩት ነገር አለ። የእነሱ ነው።