ሞልቷል ያልኳት ቤት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ጾም ስለመግደፌ፣ ሰው ስለማማቴ፣ ከእናቴ ጋር ተኳርፌ ስለመክረሜ ነግሬያቸዋለሁ፤ ይህችን ግን እየዘለልኩ እዚህ ደርሻለሁ። ብነግራቸው ስግደት ያዙኝ ነበር፤ ሰግጄም እጨርሰው ነበር። ሰግጄ ቀለል እንዲለኝ አልፈልግም። ስለዚህ ለማታውቁኝ ለእናንተ እናገራለሁ። ስታነቡ ብትጸየፉኝ ልክ ናችሁ፤ እኔም ራሴን ስጸየፍ ነው የኖርኩት።

ያኔ ሰቆጣ ውስጥ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ድርጅቱ ዛሬ የለም፤ ስሙም ለማንም አይጠቅም። ሥራችን ከሚደበድባቸው ባል ሸሽተው የመጡ ሴቶችን በቶሎ ቤት ማስገባት ነበር። ዘመድ ቤት እየዞሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ እያደሩ፣ በመጨረሻ ሲመራቸው ወደዚያው ባል እንዳይመለሱ፣ ድርጅቱ ለጥቂት ወራት ኪራያቸውን ይከፍላል፤ ፍራሽና ድስት ይሰጣል፤ ሴትዮዋ የራሷን እንጀራ እስክትይዝ ይጠብቃል። ገንዘቡ ከሩቅ የሚመጣ ነው፤ የሚበቃውም ለጥቂት ሴቶች ነበር። ከእነዚያ ጥቂቶች ውስጥ ማን እንደምትገባ የምወስነው እኔ ነበርኩ። የቤቶቹ ቁልፍ የሚያድረው በእኔ ቦርሳ ነው።

ከገበያው በላይ፣ ወይዘሮ ዘሃራ የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው የጨርቅ ነጋዴ ግቢ ውስጥ አንድ የተከራየነው ቤት ነበር። እዚያ የነበረችው ሴት ወልድያ ሥራ አግኝታ ስትሄድ ቤቱ ባዶ ሆነ። በዚያው ሰሞን ታናሽ ወንድሜ ሲሳይ አግብቶ፣ ከሚስቱ ከየሺ ጋር እናታችን ቤት ተጣበው ይኖሩ ነበር። እናቴ ታማርራለች፤ ሲሳይ ያኮርፋል። ቁልፉን አውጥቼ ሰጠሁት። "ለጊዜው ነው" አልኩት። ሰረቅኩ ብዬ አላሰብኩም፤ ባዶ ቤት ለምን ይቀመጣል ብዬ ነው ያሰብኩት። ሌባ ሁሉ እንዲህ ብሎ ሳይጀምር አይቀርም።

ዝማም የመጣችው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ከደሃና፣ ከአምደወርቅ ወዲያ ካለ መንደር በእግሯ ነው የመጣችው፤ ግራ እጇን በነጠላዋ ደረቷ ላይ አስራ፣ በቀኝ እጇ ልጇን ሽታዬን ይዛ። ሽታዬ ለትምህርት የደረሰች ልጅ ነበረች። የዝማም ከንፈር ተሰንጥቆ ደርቋል፤ ስትናገር እንደገና ይደማል። ባሏ አስረስ የሚመታት ሰክሮ አልነበረም። በጤናው፣ በቀን ብርሃን፣ እህል እንደሚወቃ ሰው ተረጋግቶ ነው የሚመታት። የመጨረሻውን ቀን ሽታዬ መሐል ስትገባ ልጅቷንም አንስቶ ወረወራት። ዝማም ቤቷን ጥላ የወጣችው ለዚያ ነው። ለራሷ ቢሆን ኖሮ አትወጣም ነበር።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ በኽምጣንኛ ነው፤ አማርኛዋ ለገበያ ያህል ብቻ ነበር። ኽምጣንኛ የእኔም የእናቴ ቋንቋ ነው፤ አፌን የፈታሁት በእሱ ነው።

"እትዬ፣ ለእንደኔ ያለች ሴት ቤት ትሰጣላችሁ ሲሉ ሰማሁ" አለችኝ።

በአማርኛ መለስኩላት። "ሞልቷል።"

"ጥግ ብትሆንም ትበቃናለች። እኔና እሷ ብቻ ነን።"

"ሞልቷል አልኩሽ እኮ።"

"እሺ" አለች። አልለመነችም። ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ቆመች።

ለምን በአማርኛ መለስኩላት? የቢሮ ሰው መሆኔን እንድታውቀው? ወይስ እናቴ ባስተማረችኝ ቋንቋ መዋሸት አስጠልቶኝ? ሁለተኛው ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን መጀመሪያው ይመስለኛል። እኔ ሞልቷል ስላት ወንድሜ በእሷ ቤት፣ በእሷ ፍራሽ ላይ ተጋድሞ ነበር።

በዚህ እንኳ ባበቃሁ። ዝም ብዬ ብተዋት ግን ደጃችን ላይ ትቀመጣለች፤ ሰው ያያታል፤ ለምን ቤት አልገባችም ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ እኔ እርቅ አሰብኩ። አስረስ ዘንድ መልእክት ላክሁ፤ ሽማግሌ አስጠራሁ፤ ዝማምንና ልጇን በድርጅቱ መኪና ጭኜ አምደወርቅ ወሰድኳቸው። ደብዳቢ እንዳያገኛቸው በተገዛ መኪና ለደብዳቢው አደረስኳቸው።

ሽማግሌዎቹ "ሁለተኛ አይለምደኝም በል" አሉት፤ አለ። መስቀል ስሞ ማለ። ከሁሉ የበለጠ የተናገርኩት ግን እኔ ነኝ። ስለ ትዳር፣ ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ። እኔ፣ ባል አግብቼ የማላውቅ። ዝማም ተናገሪ ስትባል ወደ እኔ ጠቁማ "እሷ ካለች ግድ የለም፤ ከከፋኝ ትቀበለኛለች" አለች። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ።

ሽታዬ ከመኪናው አልወርድም አለች። አልጮኸችም፤ ወንበሩን ጨብጣ ያዘች። ሹፌሩ ፊቱን አዞረ። ጣቶቿን አንድ በአንድ ከወንበሩ ያላቀቅኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ገንዘቡን ከሚሰጡት ዘንድ አንዲት ሴትዮ ቤቶቹን ልታይ ከአዲስ አበባ እንደምትመጣ ሰማሁ። ሲሳይን አስወጥቼ ቤቱን ባዶውን ላሳያት እችል ነበር፤ ባዶ ካየች ግን ሴትዮዋ የታለች ማለቷ አይቀርም። ሲሳይን ወደ እናቴ ቤት ልኬ የሺን አስቀረሁ። የሺ ክንድ ላይ በልጅነቷ የፈላ ወጥ ተደፍቶባት የቀረ ጠባሳ አለ።

"ባሌ ነው ያቃጠለኝ በይ" አልኳት።

"ሲሳይ?"

"ስም አትጥሪ።"

ከዚያ የዝማምን ታሪክ አስጠናኋት። እህል እንደሚወቃ ሰው ተረጋግቶ መምታቱን፣ ልጅቷ መሐል መግባቷን፣ በእግር መምጣቷን። ሙሽራዋ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ፣ ሻሿን ዝቅ አድርጋ፣ የሌላ ሴት ዱላ እንደ ራሷ አድርጋ ተናገረች። ስትረሳ እኔ አስታወስኳት። እንግዳዪቱ መሃረብ አውጥታ እንባዋን ጠረገች።

"አይዞሽ እህቴ። ልጅሽስ የት ናት?" አለቻት።

የሺ ቀና ብላ አየችኝ።

"አያቷ ጋ ናት" አልኩ እኔ።

ወይዘሮ ዘሃራ ደጅ ላይ ልብስ እያሰጡ ሁሉንም ይሰሙ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታዬን መልሰውልኝ አያውቁም፤ ከሱቃቸው ስገባም እቃው አልቋል ይሉኛል።

እንግዳዪቱ ከሄደች በኋላ የሺ ክንዷን በእጅጌዋ ሸፍና "እትዬ፣ ይሄ ኃጢአት አይሆንብንም?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ወሬ እኮ ነው" አልኳት። "ወሬ ምን ኃጢአት አለው?"

ገንዘቡ ለተጨማሪ ጊዜ ተፈቀደ። እኔም በስብሰባ ላይ ተመሰገንኩ፤ ተነስቼ እጅ ነሳሁ። ያን ጊዜ ዝማም የት እንዳለች አስቤ ነበር? አላሰብኩም። እንቅልፍ አጥቼ ነበር ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር፤ ደህና ነበር የምተኛው።

ከገና በኋላ ከደሃና በቃሬዛ የመጣች ሴት ሆስፒታል ተኝታለች፣ የምትጠራውም ያንቺን ስም ነው ተባልኩ። አስረስ በመጥረቢያ እጀታ ፊቷን መትቷት ነበር። ቀኝ ዓይኗ ጠፍቷል። ሽታዬ አልጋው ሥር ተቀምጣ የእናቷን ጫማ ታቅፋለች።

ዝማም ድምፄን ስትሰማ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። "ቀደም ብዬ መምጣት ነበረብኝ" አለች። "ሞልቷል ስላልሽኝ ላስቸግርሽ አልፈለግሁም።"

ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት። እኔ ምን አልኩ? "አሁን ተለቋል" አልኳት። በዚያ ጊዜ እንኳ ዋሸሁ፤ ቤቱ ገና አልተለቀቀም ነበር። ከሆስፒታሉ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ሲሳይ ሄድኩና ዕቃህን አውጣ አልኩት። ተነጫነጨ እንጂ እንቢ አላለኝም። ከሰዓት በኋላ አንድ ጓደኛው ዘንድ ክፍል አግኝቶ ጠቅልሎ ወጣ። ይህን ያህል ቀላል ነበር። ዝማም ቢሮዬ በር ላይ በቆመችበት ቀን አንዲት ከሰዓት ብደክምላት ኖሮ ያቺ ሴት ዛሬ ሁለት ዓይን ይኖራት ነበር። ተቸግሬ፣ ተጨንቄ፣ ሌላ መንገድ አጥቼ ያደረግሁት ቢሆን ኖሮ ለራሴ የማዝንበት አንዲት ቦታ አገኝ ነበር። ወንድሜ እንዳያኮርፍ ብዬ ነው ያደረግሁት።

የሺ የዝማምን ነገር ስትሰማ ከእኔ ጋር መነጋገር አቆመች። ኋላ ከሲሳይ ጋር ወልድያ ገቡ። አስረስ ታሰረ። ዝማም ከሆስፒታል ወጥታ ወይዘሮ ዘሃራ ግቢ ገባች፤ ወይዘሮዋም እንደ እህታቸው ያዟት። ለእሷ የሚያውቁትን ለምን እንዳልነገሯት አላውቅም። ምናልባት አዝነውላት ይሆናል። ለእኔ አዝነው እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ።

ዝማም ማር መነገድ ጀመረች። ባንድ ዓይኗ አይታ፣ ቀምሳ የምትገዛው ማር በገበያው የታወቀ ሆነ። ቤት ተከራየች፤ ሽታዬን አስተማረች። ማር በገዛች ቁጥር የመጀመሪያውን ለእኔ ታመጣለች። "ቤት የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ" ትለኛለች። ለጎረቤት፣ ለደንበኛ፣ ለማያውቋት ሁሉ ታወራልኛለች። በመንገድ ሴቶች ይመርቁኛል። እኔም ማሩን ተቀብዬ በላሁ፤ ምርቃቱንም አሜን ብዬ ተቀበልኩ።

በኋላ፣ ባጃጅ ሰቆጣ ከገባ ወዲህ፣ ሽታዬን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ። ዝማም አስጠራችኝ። "ወንድም የለኝ፣ አባቷ አባት አልሆናት። በእኛ በኩል አንቺ ተናገሪልን" አለችኝ። እንቢ ማለት እችል ነበር፤ አሞኛል ማለትም እችል ነበር። ጥሩ ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ።

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ "እንግዲህ እርስዎ ያዳኗት ልጅ ናት፤ የሚጠይቁትን ይጠይቁን" አሉኝ።

"ልጃችሁ እጁን ያነሳባታል?" ብዬ ጠየቅሁ።

"አያነሳም፤ እኛ ዋስ ነን።"

"ቢያነሳባት እኔ አለሁላት" አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ሽማግሌዎቹ እንዲህ ያለች ሴት ትብዛልን አሉ። ዝማም በነጠላዋ ጫፍ ያቺን አንዲት ዓይኗን ጠረገች። ሽታዬ መጥታ ዝቅ ብላ ጉልበቴን ሳመች። ጉልበቴን መሰብሰብ ነበረብኝ። አልሰበሰብኩም። እጄን ራሷ ላይ ጭኜ መረቅኋት።

ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ሽታዬም ባሏ ደህና ሰው ሆኖላት ልጆች ወልዳለች። ይህ ግን የእኔ ሥራ አይደለም፤ እኔ ሳላጠፋው የቀረ ነው።

ለዝማም ለምን አልነገርኳትም? እንዳላሳዝናት ነው ብዬ ብነግራችሁ ይህንንም ዋሸሁ ማለት ነው። አልነገርኳትም፣ ምክንያቱም በገበያ ስታየኝ ተነስታ ወንበሯን ትለቅልኛለች፤ እኔም መቀመጥ እወዳለሁ። እዚህ ድረስ ነኝ። እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ የእናንተ አይደለም። ይቅር ልትለኝ የምትችል አንዲት ሴት ብቻ አለች፤ እሷ ደግሞ ይቅር የምትለው ነገር መኖሩን አታውቅም።