ለማክዳ የሰፋሁት የገና ካልሲ

ባለፈው ሳምንት አትላንታ አጠገብ ታከር ወዳለችው የልብስ ማስተካከያ ሱቄ አንዲት ደንበኛ ስፌቱ የተተረተረ የገና ካልሲ ይዛ መጣች። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የሙሽራ ቀሚስ አጠባለሁ። ካልሲውን ግን ሳልነካው መለስኩላት። «አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ እኮ ነው» ብላ ተቀይማኝ ወጣች። ምን ብዬ ላስረዳት?

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ዲቪ ደርሶኝ አትላንታ ከገባሁ አራተኛ ወሬን ይዣለሁ፤ የምኖረው ከእህቴ ከሰብለና ከባሏ ከደረጀ ጋር ነው። ደረጀ ታክሲ ይነዳል። ሰው ፊት ጨዋ፣ በር ሲዘጋ ሌላ ሰው። እህቴ በዚያ ሁሉ ሙቀት ረጅም እጅጌ ለምን እንደምትለብስ ለማወቅ ሁለት ሳምንት አልፈጀብኝም። ግን ያለሁት ሰው ቤት ነው፤ አንገቴን ደፍቼ የቀረበልኝን እበላ ነበር።

ልጃቸው ማክዳ ስድስት ዓመቷ ነበር። አንድ ቅዳሜ፣ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ የመንገዱን ጥድ ሲያጥብ በዋለበት ቀን፣ «ጓደኞቼ ሁሉ የክሪስማስ ስቶኪንግ አላቸው» ብላ አለቀሰችብኝ። ካልሲ ማለቷ ነው። የልብስ ሰፊ ልጅ አይደለሁ? ቁምሳጥኑ ሥር ከነበረ ሻንጣ ውስጥ ቀይ ብርድ ልብስ አገኘሁ። አሮጌ ልብስ የሚጠራቀምበት ሻንጣ መስሎኛል። የማክዳን እግር ለካሁ፣ ቆረጥኩ፣ በእጄ ሰፋሁ፣ ስፌቱን በካውያ ተኮስኩ። ካልሲ ያለ ጥንዱ ምን ያደርጋል ብዬ ሁለት አደረግሁት። ከዳር የቀረው ጨርቅ ስላልበቃኝም ለሁለተኛው የብርድ ልብሱን መሀል ቆረጥኩ።

ማክዳ ስታየው በሳቅ ፈረሰች። «ኦ ማይ ጋድ! ለምን ሁለት? ጊፍት እንዲገባበት አንድ ብቻ ነው እኮ ግድግዳ ላይ ሃንግ የሚደረገው!»

እየሳቅን ሳለ ደረጀ ገባ። በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ሻንጣውን ሊያደርስ ነበር የመጣው። ብርድ ልብሱ ለካ ለእናቱ የተገዛ ነው። ሻንጣውን ከፍቶ መሀሉ የተቦተረፈውን ጨርቅ አነሳ።

«እኔ ነኝ ጋሽ ደረጀ፣ አላወቅኩም» አልኩት።

ዘወር ብሎም አላየኝ። ወጥ ቤት ገብቶ የእህቴን ፀጉር ጨበጠና ፊቷን ከምድጃው ጠርዝ ጋር አላተመው። የጾም ሽሮው ወለሉ ላይ ተደፋ። ስትወድቅ በጫማው ሆዷን ረገጣት። «ወንድምሽን ያመጣሽብኝ አንቺ!» እያለ ይረግጣታል።

ካውያው እንደጋለ ነበር። አንስቼ ጆሮ ግንዱ ላይ አሳረፍኩበት። ሲዞር ጉንጩ ላይ ደገምኩት፤ ቆዳው ሲጠበስ ሸተተኝ። ወደቀ። በወደቀበት ረገጥኩት፤ እውነቱን ልናገርና ደስ እያለኝ ነው የረገጥኩት። ያስቆመኝ የማክዳ ጩኸት ነው። እህቴ አፏ ደም እንደሞላ «ፖሊስ ኮል እንዳታደርግ! ሲቲዝንነቱ ፕሮሰስ ላይ ነው!» አለችኝ።

በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌዎች ሳሎን ተቀመጡ። ደረጀ ጉንጩን በፋሻ ሸፍኗል።

«አንተ ልጅ፣ የእናቱን ስጦታ ቆረጥክ፣ እንጀራውን እየበላህ እጅህን አነሳህበት። ጉልበቱን ስመህ ይቅርታ ጠይቅ» አሉኝ በዕድሜ ትልቁ።

«እሷንስ?» አልኳቸው።

«የባልና የሚስት ነገር ለብቻው ይታያል።»

እህቴን አየኋት። «በናትህ ሳመውና ነገሩ ይለቅ» አለችኝ በሹክሹክታ። ተንበርክኬ ጉልበቱን ሳምኩ። ሽማግሌዎቹ መርቀውን ምሳ በሉና ሄዱ፤ የእህቴን ነገር ያነሳ አልነበረም። እኔም በዚያው ሳምንት ልብሴን ሰብስቤ ኬኔሶ የምትባል ከተማ አንድ ጓደኛዬ ጋር ገባሁ።

አሁን ሰብለ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው፤ ማክዳም ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ታሪኩን የሚያውቁ ሰዎች፣ ሰው በጋለ ካውያ መምታቴ ይቆጨኝ እንደሆነ ይጠይቁኛል። እሱስ አንድም ቀን አልቆጨኝም። የሚቆጨኝ መንበርከኬ ነው። እህቴ ሁለት ዓመት አብራው ቆየች፤ የፊት ጥርሶቿን ያጣችው እኔና እሱ ከታረቅን በኋላ ነው።