አንዋርን ከበር ያስመለስኩት እኔ ነኝ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኩትም፤ እናቴም ሳልነግራት ሞተች። እኛ ቤተ ክርስቲያን የንስሐ አባት የለም፤ ሰው ኃጢአቱን በቀጥታ ለጌታ ይናገራል። ለጌታ ተናግሬያለሁ፤ ደጋግሜ ተናግሬያለሁ። ነገር ግን የዋሸሁት ጌታን አይደለም። የዋሸሁት ሁለት ሴቶችን ነው። ሁለቱም በሕይወት አሉ፤ ሁለቱም እስከ ዛሬ ይወዱኛል። ስለዚህ ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ፣ ልጻፈው። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ የአጻጻፌን ጉድለት እለፉልኝ። ሌላውን እለፉልኝ አልልም።

ኮሮና የገባ ጊዜ ኮምቦልቻ ነበርኩ፤ አሁንም እዚያው ነኝ። ልጄ ቤተል ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። እኔ ልብስ ስፌት ቤት እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ታደለ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ቤተልን የማውላት እትዬ አስናቀች ዘንድ ነበር። እትዬ አስናቀች የጸሎት ኅብረታችን ታላቅ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሰፊው ግቢያቸው ውስጥ ሥራ የሚውሉ እናቶችን ልጆች ተቀብለው ያውሉ ነበር። ከልጆቹ አንዱ አንዋር ነበር፤ የሰዓዳ ልጅ። ሰዓዳ ከቢስቲማ የመጣች የፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ ባሏ ጥሏት አረብ አገር ሄዷል፤ ከተማው ውስጥ ከልጇ በቀር ዘመድ አልነበራትም። ቤቷ ከእኛ ቤት ፊት ለፊት፣ የአንዲት ባለቤት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ነበር።

እኔ ፈሪ እናት ነኝ። ከቤተል በፊት ሁለት ጽንስ ወርዶብኛል። ስታስነጥስ ልቤ ይወርዳል። በሽታው መጣ ሲባል ጫማዋን ሳይቀር በሳሙና አጥብ ነበር። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የእትዬ አስናቀች ግቢ ግን ትምህርት ቤት ስላልሆነ፣ እናቶችም ስለለመንናቸው፣ ሳይዘጋ ቀረ። ጠዋት ጠዋት በራቸው ላይ ስንገናኝ ወሬያችን አንድ ብቻ ነበር፤ ልጅን ቤት ማስቀረት ይሻላል ወይስ ማምጣት? ከሁሉም በላይ የምጮኸው እኔ ነበርኩ። እናት የሆነች ሰው ልጇን በዚህ ጊዜ ከሰው ልጅ ጋር አትቀላቅልም እል ነበር። ይህን የምለው ቤተልን በእጄ ይዤ ነው። ስፌት ቤቱ ቀን ከሌት ማስክ ይሰፋል፤ የቀረች ሴት ቦታዋን ሌላ ትይዝባታለች።

ሰዓዳ አንድ ቀን ሳቀችብኝ። «ወርቄ፣ አንቺ ቤተልን ቤት ያስቀረሽ ለት እኔም አንዋርን አንቺው ጋ አመጣዋለሁ። ያኔ በደንብ እንጠነቀቃለን» አለችኝ። እየሳቀች ሳል ያዛት። ሳሉን ሁላችንም እናውቀዋለን። ኮሮና የሚባል ነገር ከመሰማቱ በፊትም ታስል ነበር፤ ክር ክፍል ስለምትሠራ የጥጡ ብናኝ ደረቷ ውስጥ ይገባል። «ወላሂ፣ ደረቴን ቢቀዱት አንድ ፍራሽ ይወጣዋል» ትለኝ ነበር። ያወቅሁትን ልብ በሉልኝ። አውቅ ነበር።

ከዚያ ታደለ ከጅቡቲ ሲመለስ ትኩሳትና ሳል ይዞት ገባ። በዚያን ጊዜ የጅቡቲ ሾፌር ማለት ምን ማለት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ሰው መኪናቸው የቆመበትን መንገድ እንኳን ይሸሻል። ቢነገር ወደ ለይቶ ማቆያ ይወስዱታል፤ አከራዬ ዕቃዬን አውጥቶ ይጥለዋል፤ ስፌት ቤቱም ደጁን አያስረግጠኝም። ውስጠኛው ክፍል አስተኛሁትና በሩን በብርድ ልብስ ጋረድኩት።

እንግዲህ ያን ጠዋት ቤተልን ቤት ማስቀረት ነበረብኝ። ከማንም እናት በላይ እኔ። ያን ሁሉ ቀን በር ላይ የሰበክሁት ለዚህ ቀን አልነበረም? ግን ባስቀራት ኖሮ ምን ይባል ነበር? ምን ሆኑ ይባላል። ስለዚህ ፀጉሯን ጎንጉኜ፣ አዲስ ማስክ ሰፍቼላት፣ እጇን ይዤ ሄድኩ። ከበሽተኛ ቤት አውጥቼ ከሰው ልጆች መሃል አስቀመጥኳት። ልጄን የላክኋት ጤነኞች መሆናችንን እንድትመሰክርልኝ ነው።

በዚያው ሳምንት የጸሎት ኅብረታችን እትዬ አስናቀች ግቢ ተሰበሰበ። ጥቂት ሴቶች ነበርን፤ ተራርቀን ተቀመጥን። በእኛ ዘንድ ከመጸለያችን በፊት ሁሉም በየተራው የጸሎት ርዕስ ይሰጣል። ማን ታመመ፣ ማን ተቸገረ፣ ስም ይጠራል። ሐሜት ኃጢአት ነው፤ ማንም ሐሜት አይናገርም። የጸሎት ርዕስ ግን ማን ነገረሽ ተብሎ አይጠየቅም፤ እውነት ነው ወይ አይባልም። ዓይን ይጨፈናል፤ ዓይን ሲገለጥ ሁሉም አውቆታል።

ገና ሳንጀምር እትዬ አስናቀች ወደ እኔ ዞሩ። ታደለ ገባ አሉ፣ ደኅና ነው? አሉኝ። ተመስገን፣ ደኅና ነው አልኩ። ከእናንተ ቤት ሳል ሰማሁ ያለች ሴት አለች አሉ፤ በክፋት አይደለም፣ ተጨንቀው ነው። ሁሉም ቀና ብለው አዩኝ። ወዲያው ተራው ደረሰኝ።

«ለሰዓዳ እንጸልይ» አልኩ። «ጌታን ባታውቅም እህታችን ናት። ሳሉ ጠንቶባታል። ፋብሪካቸው ውስጥ በሽታው ገብቷል ይላሉ። ከእኛ ቤት የሰሙትም የእሷን ይሆናል፤ ትይዩ ነን። ጌታ ይማራት፤ ልጇንም አብረውት የሚውሉትን ልጆችም ይጠብቅ።»

ፋብሪካው ውስጥ በሽታው ገባ ያለኝ ሰው አልነበረም። እዚያው፣ አፌ ላይ፣ እኔ ሠራሁት። ሴቶቹ አለቀሱላት። እኔም አለቀስኩ፤ እንባዬ ግን ለታደለ ነበር።

በነጋታው ቀድሜ ደረስኩና ቤተልን አስገባሁ። ሰዓዳ አንዋርን አዝላ ስትመጣ እትዬ አስናቀች በሩን ገርበብ አድርገው ያዙት። ልጄ፣ ሳልሽ እስኪሻልሽ ጥቂት ቤት ይቆይ አሏት። ሰዓዳ መጀመሪያ የሚቀልዱ መስሏት ሳቀች። ሳሌን እኮ ያውቁታል እትዬ አለቻቸው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ወርቄ፣ ንገሪያቸው እንጂ።»

«ለጥንቃቄ ነው ሰዓዳ» አልኳት። «ለልጁም ቤት ቢሆን ይሻለዋል።»

አንዋር በእናቱ ትከሻ ላይ ሆኖ በተገረበበው በር ቤተልን አያት። እጁን ዘረጋላት። በሩ ተዘጋ።

ያን ጊዜ ወደ ቢስቲማ መኪና አልነበረም፤ መንገድ ተዘግቷል። የሥራ ኃላፊዋ የቀረች አትመለስም አላት። ወሬው ደግሞ ሠፈሩን አዳረሰ፤ የኅብረታችን ሴቶች ለሰዓዳ ጸልዩ እያሉ ለየጎረቤታቸው ተናገሩ። የቤቱ ባለቤት ልታስወጣት ደርሳ ነበር፤ ኋላ በገባሽ በወጣሽ ቁጥር መዝጊያውን በበረኪና ጥረጊ ብላ አስቀረቻት። ሰዓዳም በረኪናውን በውሃ ጠርሙስ አድርጋ ከውስጥ በኩል በሩ ሥር አስቀመጠች። አንዋርን የሚቀበላት ሰው ጠፋ። ዳቦና ውሃ እያስቀመጠችለት ከውጭ ትቆልፍበት ጀመር።

ይህንን አላውቅም ነበር ብዬ እንዳልዋሻችሁ። ቁልፉን በየቀኑ አየው ነበር። ወደ ሥራ ስሄድ በዚያ ሳልፍ ኮቴዬን ሰምቶ ከውስጥ ይጣራል። እናቱ መስዬው ነው። አንድ ቀን ጣቶቹን በበሩ ሥር አሾልኮ አወጣቸው። ትንንሽ ጣቶች፣ አቧራ የለበሱ። ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ቀየርኩ። በቦርከና ወንዝ በኩል ዞሬ እሄድ ነበር።

ልጁ በረኪናውን የጠጣው ውሃው አልቆበት ነው አሉ። ጠርሙሱ የውሃ ጠርሙስ ነው፤ ምኑን ይለየው። ምሳ ልበላ ስመለስ ሠፈሩ ተሰብስቦ አገኘሁ። ጩኸቱን ሰምተው ቁልፉን ሰብረውታል። አንዋር ደጃፉ ላይ ወድቆ አፉን እየቧጠጠ ይንፈራገጣል፤ አረፋ ያስመልሰዋል። ሰው በክብ ቆሟል። የሚያነሳው የለም። አትንኩት፣ እናቱ እኮ ናት የታመመችው አለች አንዷ። ሁሉም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ከዚያ ሁሉ ሰው ያ ልጅ ንጹሕ መሆኑን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰዓዳ አልታመመችም፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት ብል ይበቃ ነበር። እሱንም መናገር ባልችል ጎንበስ ብዬ ማንሳት አልችልም ነበር? የማይያዝ መሆኑን እያወቅሁ? ግን ካነሳሁት እንዴት ደፈረች ይሉኛል፤ እንዴት አወቀች ይሉኛል። ቆምኩ። ሰው ወደ ኋላ ሲል እኔም ወደ ኋላ አልኩ። ማስኬን ከፍ አደረግሁት።

ያነሱት እትዬ አስናቀች ናቸው። አንድ እግራቸው ጫማ ሳይኖረው ሮጠው መጡ። «ዞር በሉ» አሉን፤ «እኔ አርጅቻለሁ፣ ምን እሆናለሁ።» ትፋቱን በነጠላቸው እየጠረጉ፣ አቅፈውት በባጃጅ ይዘውት ሄዱ።

ደሴ ሆስፒታል ተኛ። ነፍሱ ተረፈች፤ ጉሮሮው ግን ተቃጥሎ ጠበበ። ወጥ ይዤ በጭነት መኪና የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ልጠይቅ ሄድኩ። ለምን ሄድኩ? አዝኜ ነው ማለት እፈልጋለሁ፤ እውነቱ ግን ሰዓዳ ምን ያህል እንዳወቀች ለማየት ነው። ጠያቂ ስለማይገባ አጥሩ ጋ ወጣችልኝ። ዓይኗ አብጧል። በብረቱ መሃል እጄን ያዘችው።

«ወርቄ፣ ማነው እንዲህ ያስወራብኝ? አንቺ አታጪውም።»

«እትዬ አስናቀች ናቸው» አልኳት። «እኔማ ተዉ ብያቸው ነበር።»

ይህን ቃል በቃል ጻፍኩላችሁ። እጄን ሳመችው።

ኮምቦልቻ ስመለስ ሴቶቹ ስለ ሰዓዳ ያወሩ ነበር። ልጅ ላይ የምትቆልፍ ምን ዓይነት እናት ናት ያለችው ማን መሰለቻችሁ? እኔ ነኝ። እኔ ብሆን ሥራው ገደል ይግባ ብዬ ከልጄ ጋር ቤት እቀመጥ ነበር አልኩ። ቤተል ያን ዕለትም እትዬ አስናቀች ግቢ ነበረች።

ታደለ ብዙም ሳይቆይ ዳነ። ወባ ይሁን ጉንፋን እስከ ዛሬ አላወቅንም። ከሠፈራችን በዚያ በሽታ የሞተ የለም። ሰዓዳ ሥራዋን አጥታ፣ መንገድ ሲከፈት ልጇን ይዛ ቢስቲማ ገባች።

ባለፈው ክረምት ደሴ መናኸሪያ አገኘኋት። ከሩቅ አይቼ ልደበቅ ስል ቀድማ አየችኝ፤ እየሮጠች መጥታ አቀፈችኝ። አንዋር አብሯት ነበር። በዕድሜ ከቤተል ብዙም አያንስም፤ ግን ግማሿን አያክልም። አንገቱ ቀጭን ነው። በወተትና በቀጭን ሾርባ ነው የሚኖረው፤ ጠንከር ያለ ነገር ይተናነቀዋል። ይህን ከመስማቴ በፊት በድንጋጤ ብስኩት ገዝቼ ሰጥቼው ነበር። ልጁ ብስኩቱን አሸተተውና ለእናቱ ሰጣት። ሰዓዳ እንዳላፍር ብላ «መያዝ ይወዳል» አለችኝና መልሳ እጁ ላይ አደረገችው።

ለሐኪም ነበር የመጡት። ስንለያይ እጄን ይዛ መልእክት ላከችኝ። «እትዬ አስናቀችን አፉ ብያቸዋለሁ በይልኝ። ብዙ ረግሜያቸው ነበር። ለካ ልጄን ከመሬት ያነሱት እሳቸው ናቸው፤ ዘግይቼ ነው የሰማሁት። ለአላህ ብዬ ይቅር ብያለሁ። አደራ ወርቄ፣ አድርሺልኝ።»

አደርሳለሁ አልኳት።

አላደረስኩም። ባደርስ እትዬ አስናቀች እኔን ብቻ ለምን ረገመችኝ፣ ምን ብለሽ ነግረሻት ነበር ይሉኛል። እሳቸው እኮ ያን ቀን የጸሎት ርዕሱን የሰጠሁት እኔ መሆኔን ያውቃሉ። አንድ ቀን እንኳን አንቺ ነሽ ያልሽኝ ብለውኝ አያውቁም። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ ይላሉ። ከአንዋር ወዲህ የሰው ልጅ ተቀብለው አላዋሉም። ዓይናቸው ደክሟል፤ በሰው እጅ ተይዘው ነው ኅብረት የሚመጡት። ተራቸው ሲደርስ የጸሎት ርዕሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሰዓዳ ይቅር እንድትለኝ ጸልዩልኝ ይላሉ።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም። የሌላ ሰው ይቅርታ በእጄ ደብቄ የራሴን በየትኛው አፌ እለምናለሁ? ፈሪ ስለነበርኩ ነው፣ እናት ስለሆንኩ ነው እንዳልል ሰዓዳም ፈሪ ነበረች፤ ሰዓዳም እናት ናት።

በዚህ ሳምንትም እትዬ አስናቀች ያንኑ ርዕስ ሰጡ። አጠገባቸው ነበርኩ። ጸልየን ስንጨርስ ክንዴን ዳብሰው ያዙና፣ ወርቄ፣ ደሴ ስትወጪ ሰዓዳን አይተሻት አታውቂም? አሉኝ።

አላየኋትም አልኳቸው። ከዚያ ደግፌ ቤታቸው አደረስኳቸው።