አጎበር ላይ የተዘረጋ ቲማቲም

ልጃችን ሞቶ በተወለደ በሁለተኛው ወር፣ ባለቤቴ ለልጁ ባዘጋጀነው ክፍል ውስጥ ቲማቲም ተከለ። ሰው ሐዘን ሲደርስበት ይጠጣል፣ ወይ ጸሎት ያበዛል፣ ወይ ከሚስቱ ጋር ይጣላል። የእኔው ቲማቲም ተከለ። እንኳን ልቆጣው ለምን ብዬ ለመጠየቅም አፌ አልተላቀቀልኝም። በሩ ላይ ቆሜ፣ አፈር የተሞሉትን፣ አፋቸው የተቆረጠ ጀሪካኖች አየሁና ወደ መኝታዬ ተመለስኩ።

እሱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ችግኝ ላይ ነው የሚሠራው፤ ከሰሜን ሸዋ ተመድቦ ሶዶ መጥቶ እኔን አገባ። እኔ እዚሁ ወላይታ፣ የበዴሳ ልጅ ነኝ፤ ሶዶ አንደኛ ደረጃ ሒሳብ አስተምራለሁ። የተከራየንበት ግቢ ውስጥ የአከራያችን ፍየሎች አሉ። እነሱ ባሉበት እንኳን ቲማቲም የታጠበ ልብስም አይተርፍም። ስለዚህ ተክሉ ቤት ገባ፣ መስኮቱ ሥር፣ ከላይ ትልቅ አምፖል ተንጠልጥሎለት። ዘዴውን ያገኘው ከስልኩ ነው። አንድ ፈረንጅ ክፍል ውስጥ የተከለውን ተክል ወደ ላይ እንዳይሮጥ ከበላዩ መረብ ወጥሮ፣ ቅርንጫፉን በየቀዳዳው እያሾለከ፣ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ አድርጎ ሲያሳድግ የሚያሳይ ቪዲዮ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አሳየኝ።

«ይሄ ቲማቲም ነው?» አልኩት። ቅጠሉ እንደ ጣት የተከፋፈለ ነበር።

«አይ፣ ይሄ እንኳ ሐሺሽ ነው» አለ፣ ምንም የማይደንቅ ነገር እንደተናገረ ሁሉ። «ዘዴው ግን ለቲማቲምም ይሠራል።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅበት ነበር። ጭራሽ ሐሺሽ! ዓመት ሙሉ አሾፍበት ነበር። ያን ቀን ግን «እሺ» አልኩና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ወሬው ከየት እንደደረሳቸው እንጃ፣ አከራያችን አንድ ጠዋት በሩን አንኳኩ። የጸሎት ቡድን መሪ ናቸው። «መምህርት፣ ባልሽ እዚያ ክፍል ምንድን ነው የሚያበቅለው? መብራቱ አይጠፋም። ሰው የሚጨሰውን ነው ይላል። ኧረ በጌታ፣ ግቢዬ ውስጥ!» አሉኝ። መልስ መስጠቱ ስለደከመኝ እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው። ቅጠሉን በጣታቸው አሽተው አሸተቱት። «ውይ፣ ቲማቲም! ጌታ ይባርካችሁ» ብለው ፈገግ አሉ፤ ሲወጡም ሲበስል እንዳንረሳቸው አስጠነቀቁኝ።

የወሊድ ፈቃድ ላይ ነበርኩ። ልጅ ባይኖርም ፈቃዱ አለ። ወተቱም እንደዚያው፤ ጡቴ የሚጠባው እንደሌለ ሳያውቅ ሞላ። እናቴ ከበዴሳ መጥታ ደረቴን በነጠላ ጥፍር አድርጋ አሰረችው፤ ለአራስ ብላ ያዘጋጀችውን ቅቤ፣ አራስ ነሽና ብዪ ብላ አበላችኝ። ሞቶ ለተወለደ ልጅ ድንኳን አይጣልም፣ ለቅሶም አይቀመጡለትም። ሴቶቹ ይመጣሉ፤ «እንኳን አንቺ ተረፍሽ፣ ጌታ ሌላ ይሰጥሻል» ይላሉ፤ ጸልየው፣ ሻይ ጠጥተው ይሄዳሉ። ክፉ ሆነው አይደለም፤ ነገሩ እንደዚያ ነው የሚደረገው።

ልጁን አላየሁትም። ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ ማደንዘዣው ሳይለቀኝ ባለቤቴ፣ ወንድሜና አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ወስደው ቀበሩት። «ባታዪው ይሻልሻል» አሉኝ ሁሉም። እሺ አልኩ። ከዚያ ወዲህ መልሴ ሁሉ እሺ ሆነ። ብዪ ሲሉኝ እሺ፣ ተኚ ሲሉኝ እሺ። ማልቀስ ብቻ አልቻልኩም። ተቀምጠውበት እንደደነዘዘ እግር መላ ሰውነቴ አልሰማ አለኝ።

ቤታችን ውስጥ አንድ የትንኝ አጎበር ነበረ፤ የመጣው ከወሊዱ በፊት ነው። ለእርግዝና ክትትል ስሄድ ጤና ጣቢያ ሰጡኝ። እኛ አገር አጎበር የማይሆነው ነገር የለም፤ ችግኝ ይሸፈንበታል፣ ጫጩት ከጭልፊት ይጠበቅበታል፣ ሲያረጅ ገላ ይታሸበታል። እኔ ግን ይሄኛውን ለልጁ ብዬ አጥቤና አጥፌ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። እናቴ ጋ ይዘነው ስንወርድ ወባ እንዳይነካብኝ ነበር ሐሳቤ፤ በዴሳ ቆላ ነው፣ ትንኙም ሰው አይመርጥም።

እና አንድ ቀን ወደ ክፍሉ ስገባ ባለቤቴ መሬት ላይ ተቀምጦ አጎበሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶታል። በእኔ መቀስ በተርታ ይቀደዋል፣ እያንዳንዱን ቀዳዳ ቡጢ የሚያሳልፍ አድርጎ። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ መቁረጡን ቀጠለ። እኔም ወጣሁ። ቢያንስ መናደድ ነበረብኝ፤ አልተናደድኩም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። ባልሽ የልጅሽን አጎበር ዓይንሽ እያየ ሲቀድ ምንም ካልተሰማሽ፣ እዚህ ቤት ምን ቀረሽ? አልኩ ለራሴ።

ያን ዕለት ወደ በዴሳ ለተመለሰችው እናቴ ደወልኩና እመጣለሁ አልኳት። «ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው» አልኩ። እውነቱን ግን አውቀዋለሁ፤ በዴሳ ከወረድኩ አልመለስም። ለማረፍ የሚሄድ ሰው የዲግሪ ወረቀቱን ሻንጣ ውስጥ አይከትም፣ እኔ ከተትኩ። ቅዳሜ ወንድሜ መጥቶ ሊወስደኝ ተነጋገርን። ባለቤቴ ሻንጣውን በሩ አጠገብ አይቶታል። እግሩ እንዳይነካው ዞር እያለ ያልፍ ነበር።

ቲማቲሙ ግን አደገ። በባሕር ዛፍ ጣውላ የጉልበት ቁመት ያለው ቆጥ መሰል ነገር ሠርቶ አጎበሩን ከላይ በምስማር ወጥሮታል። ግንዱ በቀዳዳው ብቅ ሲል ቀጥ ብሎ ከመቆሙ በፊት ቀስ ብሎ ይታጠፍና በሥር በኩል ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ይሾልካል፤ ነገ ደግሞ ወደሚቀጥለው። ጠርዙ ጋ ሲደርስ ጫፉ ይቆረጣል። በቅጠሉና በግንዱ መካከል፣ ልክ ብብት በሚሆንበት ቦታ የምትወጣውን ትንሽ ቀንበጥ በጥፍሩ ቆንጥሮ ይጥላታል። ጣቶቹ አረንጓዴ ሆነው ቀሩ፤ በሳሙናም አይለቅም። ማታ ራት ላይ ወሬያችን ይሄው ነበር።

«ዛሬ ጫፉን ቆረጥኩት።»

«እሺ።»

«አሁን ከጎን ያወጣል።»

«እሺ።»

አርብ ከሰዓት በኋላ ከዚያ ክፍል ሆኖ ጠራኝ። «ነይ እስቲ፣ አንድ እጅ አነሰኝ።» ተክሉ ጥቅጥቅ ብሏል፤ ከግድግዳው በኩል የእሱ ክንድ አልገባ ብሎታል። የሄድኩት እምቢ ማለቱ የበለጠ ስለሚያደክም ነው። ሲሚንቶው ላይ በጎኔ ተኝቼ እጄን ከመረቡ ሥር አስገባሁ። እሱ ከላይ ሆኖ ይቀበላል።

«ያቺን ወደ እኔ ግፊያት። ቀስ። ኧረ ቀስ በይ፣ ትሰበራለች!»

«እየገፋሁ ነው፤ አንተ አትጎትት!»

ቅርንጫፏ ቀጭ ብላ ተሰበረች። ውኃዋ እጄ ላይ ይንጠባጠባል። በመካከላችን ቅጠልና አጎበር ስላለ ፊቱ አይታየኝም፤ የእኔም አይታየውም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል አፌ የተከፈተው።

«ይሄ አጎበር የማን እንደነበር ታውቃለህ?» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«አውቀህ ነው የቀደድከው?»

«ቁም ሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር ታጥፎ ተቀምጧል። መጣል አልሆነልኝም። ለሰው መስጠትም አልሆነልኝም» አለ።

ጥፋተኛ ነው ብዬ ያሰብኩት ሰው እንደዚህ ሲል ግራ ገባኝ። እኔ ቁም ሳጥኑን የማልከፍተው ለዚያው እኮ ነው።

«አንተ አይተኸዋል» አልኩት።

ማንን ብሎ አልጠየቀኝም። «አይቼዋለሁ።»

«ምን ይመስላል?»

«እንዳልነግርሽ አስጠንቅቀውኛል። ሽማግሌውም፣ እናትሽም። ከሰማች ትታመማለች አሉኝ።»

«ታምሜያለሁ እኮ!» ብዬ ጮህኩ። የቀረውን በወላይትኛ ነው የጮህኩት፤ አማርኛው ጠፋብኝ። ሁሉም ያየውን ልጅ እኔ ብቻ አላየሁትም፣ ዘጠኝ ወር የተሸከምኩት ግን እኔ ነኝ፣ ምን ቀረኝና ነው የምትቆጥቡልኝ አልኩት። ወላይትኛው ብዙም አይደለም፤ ያን ቀን ግን አንዷም ቃል አላመለጠችውም።

«ፀጉር ነበረው» አለ።

እጄ መረቡ ሥር እንዳለ ቀረ።

«ብዙ ፀጉር። ግንባሩ ላይ እስከዚህ ድረስ የወረደ።»

«የት ድረስ? አይታየኝም።»

ሲነሳ ጉልበቱ ሲንቋቋ ሰማሁት። ዞሮ መጣና አጠገቤ ሲሚንቶው ላይ ተጋደመ። በዚያ አረንጓዴ ጣቱ ከቅንድቤ ከፍ ብሎ ግንባሬን ነካኝ። «እስከዚህ። አፍንጫው ደግሞ ቁርጥ የአባትሽ። ስይዘው ገና ይሞቅ ነበር፤ ጨርቁን አጥብቄ ጠቀለልኩት፣ እንዳይበርደው ብዬ። እንዳይበርደው!» ብሎ ድምፁ ተቆረጠ።

ከሆዴ የወጣው ጩኸት የሌላ ሰው መሰለኝ። ተያይዘን አለቀስን፣ እንደ ሕፃን፣ ንፍጣችን ሳይቀር። አከራያችን ጩኸቱን ሰምተው እየሮጡ መጡና በሩ ላይ ቆሙ። «ምን ሆናችሁ? ምን ደረሰባችሁ?»

ባለቤቴ ከመሬት ቀና ብሎ አያቸው። «ልጃችን ሞቶብን ነው» አላቸው፣ አሁን ገና መርዶ እንደደረሰው ሰው።

ያውቃሉ እኮ። ሲሞትም እዚሁ ነበሩ፤ መጥተው ጸልየውልኛል። ግን አውቃለሁም፣ ጌታ ሌላ ይሰጣችኋልም አላሉም። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፣ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ውይ ልጄን፣ ውይ ልጄን» እያሉ አብረውን አለቀሱ። ከዚያ ወጥተው ለጎረቤቱ ነገሩ።

ቅዳሜ ጠዋት ወንድሜ ሊወስደኝ ሲመጣ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ወጥቷል፤ ሰዎች ተቀምጠዋል። ማን ሞተ ብሎ ደንግጦ ወደ እኔ መጣ። ዓይኔ አብጦ ማየት አቅቶኛል።

«ሚኒባሱ እየጠበቀን ነው» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ለቅሶ ላይ ነኝ፣ አልሄድም» አልኩት።