ለሦስት ውሻ ሦስት ሳህን

የሩዝ መጋዘን ጥበቃ ሆኜ የተቀጠርሁ ዕለት እስከ እኩለ ቀን ግቢውን አልረገጥሁም። የጥበቃ ኃላፊው አያ ሙጨ ጋቢዬን ተቀበሉኝና ሁለት ውሾች በሚተኙበት የሩዝ ቅርፊት ላይ ጣሉት። እኔን ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። ሊያሠሩኝ ነው ወይስ ሊቀልዱብኝ አልሁ በልቤ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ጋቢውን መለሱልኝና «አሁን ግባ፤ ሽታህን ለምደውታል» አሉኝ። ውሾቹ አሽትተውኝ ዞር አሉ። ጋቢው ግን ቅርፊቱ ተሰግስጎበት ሳምንት ሙሉ ሲያሳክከኝ ከረመ።

ግቢው ወረታ ውስጥ፣ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገናኙበት ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። በአንድ በኩል የሩዝ መፈልፈያው፣ በሌላው መጋዘኑ አለ። የሥራ ዕቃዬ ቆመጥ፣ ፊሽካና የጥበቃ መዝገብ ነበር። የገባ የወጣውን መኪና፣ ግቢው ውስጥ የሆነውን ሁሉ እጽፋለሁ። አያ ሙጨ በጡረታ ሲወጡ ኃላፊነቱ ወደ እኔ መጣ። ኃላፊ ተባልሁ እንጂ በሥሬ የነበሩት አንድ ተለዋጭ ጥበቃና ሁለት ውሾች ብቻ ነበሩ። የሚታዘዙኝ ደግሞ ውሾቹ ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ውሾች አርጅተው ስለሞቱ በእነሱ እግር መከተንና ቡላን ከቡችላነታቸው ጀምሬ አሳድጌያለሁ። መከተ ትልቁ ነው፤ ጥቁር፣ ኩሩ። ቡላ ከእሱ ኋላ ኋላ የሚል ነው። ትልቅ ውሻ በትልቅ ውሻ ላይ አስገብቼ ግን አላውቅም ነበር።

ባለቤቴ ካረፈች በኋላ የበዓል ተረኛነት በፈቃዴ የእኔ ሆነ። ልጅ አልነበረንም። ተለዋጬ ወደ ቤተሰቡ ሲሄድ «ታከለ፣ እግዜር ይስጥህ» ይለኛል። ደግ መስዬ እታየው ነበር። እውነቱ ግን ባዶ ቤት ውስጥ በዓል መዋል ስለምፈራ ነው።

አንድ ክረምት፣ የፍልሰታ ጾም ሊገባ ሰሞን፣ የንስሐ አባቴ ቄስ አድማሱ ከቁሐር ሚካኤል መጡ። እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። በገመድ አንድ ዳማ ውሻ ይዘዋል። የክረምቱ ጎርፍ ቤታቸው ገብቶ ግድግዳውን ጥሎታል። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነበሩ፤ አሁን ልጃቸው እሷ ወዳለችበት ከተማ ወደ አንበሳሜ ልትወስዳቸው ነው። እሷ የምትኖረው በኪራይ ስለሆነ አከራይዋ ውሻ አይገባም ብሏል።

ስሙ ሸጋው እንደሆነ ነገሩኝ። ገመዱን ሊሰጡኝ እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት።

«ታከለ፣ እኔ ቤት ውስጥ ድምፅ ቢሰማ እሱን ስጠራ ነው» አሉ። «ሌላ የምጠራው አልነበረኝም። አደራህን።»

ገመዱን ተቀበልሁ። መስቀላቸውን አሳለሙኝና ባጃጅ ፍለጋ ሄዱ።

የመጋዘኑ ባለቤት እትዬ ዘውዴ ሲሰሙ አልተቆጡም። የሚጠብቅ ከሆነ ይቀመጥ፣ የሚያጣላ ከሆነ ግን አልፈልገውም ብለው አለፉ። እኔም ሸጋውን ሁለት ቀን መጋዘኑ ጥግ አስሬው በሦስተኛው ቀን ፈታሁት። መከተ ጠጉሩን አቁሞ ዞረው። ቡላ አጉረመረመ። ከዚያ ሦስቱም ተለያይተው ተኙ። ይኸው ነው እንዴ ብዬ ገረመኝ።

ጾሙን በሙሉ ሰላም ነበር። የሚበሉት የተቀቀለ ድቃቂ ሩዝና ከእኛ የተረፈ የሽሮ ፍትፍት ነው። ሥጋ ቤቶቹ ተዘግተዋል፤ አጥንት የሚባል በደጃችን አላለፈም። እኔ መዝገቡ ላይ «ውሾቹ ተስማምተዋል» ብዬ ጽፌ ፈረምሁ። የተስማሙት የሚጣሉበት ነገር ስለጠፋ መሆኑ አልታየኝም። እኔም ጿሚ ነኝ፤ ጾም ሁሉንም የሚያበርድ መስሎኝ ነበር።

ጾሙ የተፈታ ዕለት እትዬ ዘውዴ ካረዱት በግ የእኔን ድርሻ በሳህን፣ የውሾቹን አጥንት በባልዲ ላኩ። ደስ አለኝ። አብሮኝ ጾም የሚፈታ ሰው ባይኖርም ሦስት ውሾች አሉኝ አልሁ። አንድ ላይ ይብሉ፣ ይበልጥ ይዋደዱ ብዬ ባልዲውን መካከላቸው ደፋሁት።

የሆነው በቅጽበት ነው። መከተ ሸጋውን ጆሮው ላይ ያዘው፤ ቡላ በስተኋላ ገባ። ቆመጤን ረስቼ በእጄ ልገላግል ገባሁና አንዱ ነከሰኝ። የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። በመጨረሻ ባልዲ ሙሉ ውኃ ስደፋባቸው ተላቀቁ። የሸጋው ጆሮ ግማሹ የለም። መከተ በሦስት እግሩ ያነክሳል። እኔም ጤና ጣቢያ ሄጄ መርፌዬን ተወጋሁ።

በማግሥቱ እትዬ ዘውዴ መጥተው ደሙን ሲሚንቶው ላይ አዩት። ውሻውን ከከተማው ውጭ ወዳለው የሩዝ ሜዳ ወስጄ እንድለቀው አዘዙኝ። ሜዳው ያኔ በጎርፍ ባሕር ሆኗል። የቄሱ አደራ መሆኑን ነገርኋቸው። እስከ እንቁጣጣሽ ይታገሡኝ ብዬ ለመንሁ። በሥራ ዘመኔ እትዬ ዘውዴን ስለምን ያ የመጀመሪያዬ ነው።

«እንቁጣጣሽም አጥንት አለበት» አሉኝ። «ያን ዕለት ደም ካየሁ እሱም ትወጣለህ፣ አንተም ትወጣለህ።»

አንደበታቸው ተወለካክፎ ነው፤ ግን አልሳቅሁም። ከዚያ ግቢ ብወጣ ከባዶ ቤቴ በቀር የምሄድበት አልነበረኝምና።

ተቀምጬ አሰብሁ። አያ ሙጨ እኔን ያስገቡበት መንገድ ትዝ አለኝ። ሸጋውን ከበሩ ውጭ፣ እኔ የተቀመጥሁበት ድንጋይ አጠገብ አሰርሁት። ሸጋው የተኛበትን ጆንያ ለመከተና ለቡላ፣ የእነሱን ለእሱ አነጠፍሁ። በየቀኑ ቀያየርሁት።

ቀጥሎ ተለዋጩን ለምኜ፣ እሱ ሁለቱን እኔ ሸጋውን በገመድ ይዘን፣ በደብረ ታቦሩ መንገድ ዳር ዳር ጎን ለጎን ሄድን። መንገዱ የማንም ግቢ አይደለም፤ እዚያ መከተ የሚጠብቀው ነገር የለውም። ባጃጅ ነጂዎች እያዩን ይሥቁ ነበር። «ኧረ ታከለ፣ ሚዜ ሆንህ እንዴ?» አለኝ አንዱ። ሚዜነት ይሻለኝ ነበር።

ሦስተኛው ሥራ ሳህኑ ነው። ለሦስቱም ለየብቻ ሳህን ገዛሁ። የሸጋውን ከበሩ አጠገብ፣ የእነሱን ከመጋዘኑ ሥር አኖርሁ። በየቀኑ የሸጋውን አንድ እርምጃ አቀረብሁ። አንዱ ካጉረመረመ በማግሥቱ አንድ እርምጃ መለስ አደርጋለሁ። የጾም ምግብ ብቻ አልሰጠኋቸውም፤ ከሥጋ ቤት ትንሽ ትንሽ አጥንት እየለመንሁ ያለማመድኋቸው በዚያው ነው። ከበዓሉ በፊት ሦስቱ ሳህኖች በሦስት እርምጃ ርቀት ደረሱ።

የእንቁጣጣሽ ዕለት እትዬ ዘውዴ ባልዲውን ራሳቸው ይዘው መጡና በሩ ላይ ቆሙ። አጥንቱን በሦስት ሳህን አከፋፈልሁ። መጀመሪያ ለመከተ፣ ከዚያ ለቡላ፣ በመጨረሻ ለሸጋው ሰጠሁ። አጥንት ሲሰበር ብቻ ይሰማል። መከተ ጨርሶ ቀና አለ፣ ሸጋውን አየውና ሄዶ ተኛ።

«መዝገቡ ላይ ጻፈው» አሉ እትዬ ዘውዴ። ጻፍሁት። በዚህኛው ግን እጄ እንደ ጾሙ ጊዜ ለመፈረም አልፈጠነም።

መስቀል ካለፈ በኋላ ቄስ አድማሱ በገበያ ቀን መጡ። ሸጋው ድምፃቸውን ሲሰማ ነጠላቸው ላይ ዘለለ፤ እያለቀሰ እጃቸውን ላሰ። አብረው ድንጋዩ ላይ ብዙ ቆዩ። ሲነሡ እኔ ስሸኛቸው ሸጋውም ተከተላቸው። አስፋልቱ ጋ ሲደርስ ቆመና ወደ በሩ ዞሮ አየ። መከተና ቡላ በሩ ላይ ቆመዋል። ትንሽ ቆይቶ ወደ እነሱ ተመለሰ።

ቄሱ ዞረው አላዩም።

«ተመለሰ?» አሉኝ።

«ተመለሰ፣ አባ።»

«እሰይ፣ ቤት አግኝቷል» አሉና ባጃጅ ውስጥ ገቡ። ሥራዬ እንደተሳካ ያወቅሁት ያኔ ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ አለቀስሁ።

እኔም በጡረታ ወጣሁ። አንዱን ውሻ ልወስድ እችል ነበር፤ ሦስቱን መነጠል ግን አቃተኝ። አሁን የምኖረው አምስት ቤተሰብ ባለበት የኪራይ ግቢ ነው። ሰዎቹ ደጎች ናቸው። በዓል ሲሆን ድርሻዬን በሳህን አድርገው ክፍሌ ድረስ ያመጡልኛል፤ እነሱ ከሰገነቱ ሥር አንድ ላይ ይበላሉ። መጀመሪያ አዲስ ስለሆንሁ ነው አልሁ። ሁለት ዓመት አለፈ፤ ሳህኑ ዛሬም የሚመጣው ክፍሌ በር ላይ ነው።

ዘንድሮ ፍልሰታ ሲፈታ ሳህኔን ይዤ ከክፍሌ በር አንድ እርምጃ ወጥቼ በላሁ። ማንም አላጉረመረመም።

ነባር ውሾች ባሉበት አዲስ የምታስገቡ ሁሉ፣ አስቀድማችሁ ሽታ አለዋውጡ፣ ከግቢ ውጭ አገናኙ፣ ሳህናቸውን ለዩ። የለያችሁትን ሳህን በየቀኑ አንድ እርምጃ ማቅረብ ግን አትርሱ።